ለየአገሩ የሚቀየር ፊልም፦ ማክበር ነው መሸንገል?

ጥያቄ አቅራቢ (ጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም የግሩፑ ቤተሰቦች። ትናንት ማታ ከጓደኞቼ ጋር ተከራክረን ሳንግባባ ተለያየን። እናንተ ፍረዱን። ትልልቆቹ የአሜሪካ ስቱዲዮዎች የሳይንስ ልብወለድ ፊልም ሲያወጡ ማስታወቂያውን ለየአገሩ ይቀያይሩታል። አንዳንዴም ፊልሙን ራሱን ይነካኩታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን «አይረን ማን 3» ውሰዱ። ለቻይና ሲኒማ ቤቶች የተላከው ቅጂ ሌላው ዓለም ያላያቸው ትዕይንቶች ነበሩት። ታዋቂዋ የቻይና ተዋናይት ፋን ቢንግቢንግ ያለችው እዚያ ቅጂ ላይ ብቻ ነው። የወተት መጠጥ ማስታወቂያ ሳይቀር ገብቶበታል። ጓደኛዬ «ተመልካችን ማክበር ነው» አለ። እኔ መሸንገል ነው እላለሁ። የቻይና ተመልካቾችም ቢሆኑ ትዕይንቶቹ ለታሪኩ ምንም አልጨመሩም ብለው ቅር ተሰኝተዋል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መምህርት (ሸዋሮቢት)፦
ወንድሜ፣ እኔ ካንተ ጋር ነኝ። ከዚያም የባሰ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን የ«ስታር ዋርስ» ፊልም ፖስተር አስታውሱ። ከዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት አንዱን የሚጫወተው ጆን ቦዬጋ ጥቁር ነው። በአሜሪካው ፖስተር ላይ ጎልቶ ይታያል። በቻይናው ላይ ግን በጣም አሳንሰው አስቀመጡት። አንዱን ገበያ ደስ ለማሰኘት ሌላውን ሰው ማሳነስ ምን ዓይነት ማክበር ነው? ሁለቱን ፖስተሮች ጎን ለጎን ሳይ አንጀቴ ነው ያረረው። ክፍል ውስጥ ልጆች «መምህር፣ ለምን አነሰ?» ቢሉኝ መልስ የለኝም።

ከመሐል ሜዳ፦
መምህርት፣ በፖስተሩ ንዴትዎ ይገባኛል። እኔም አልደግፈውም። ግን ሁሉንም በአንድ ላይ ባንኮንን። የድሮዎቹ የ«ስታር ዋርስ» ፊልሞች ሲወጡ ቻይና ሲኒማ ቤት አልገቡም። እዚያ ያለው ሰው እንደ አሜሪካው ከአባቱ ጋር እያያቸው አላደገም። ስለዚህ ከዜሮ ማስተዋወቅ ነበረባቸው። የ2015ቱ ሊወጣ ሲል በፊልሙ ያሉትን ነጭ ለባሽ ወታደሮች 500 ምስል በታላቁ የቻይና ግንብ ላይ የደረደሩት ለዚህ ነው። ይኼ ምኑ ነው ነውሩ? ደግሞ ውጭ ያለው ተመልካች ፊልምን ከሞት ያድናል። «ፓሲፊክ ሪም» አሜሪካና ካናዳ ያገኘው 102 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ቻይና ብቻዋን 112 ሚሊዮን ገደማ አስገባች። ክፍል ሁለቱ የተሠራው በአሜሪካው ገቢ ይመስላችኋል? ነጋዴ ገዢው ወዳለበት ይሄዳል።

ጥያቄ አቅራቢ፦
እሺ፣ ግን ከቻይና ትኬት ለውጭ ስቱዲዮ የሚደርሰው ሩቡ ብቻ መሆኑንም ጨምርበት። ያ ሁሉ ወታደር ግንቡ ላይ ተደርድሮም «ስታር ዋርስ» ቻይና ያገኘው 124 ሚሊዮን ገደማ ነው። እዚያው አሜሪካና ካናዳ 936 ሚሊዮን። ታሪኩ ሰው ልብ ውስጥ ከሌለ ሰልፍ ብቻውን አያስገባውም።

የድሮ ቪዲዮ ቤት ባለቤት (ደብረ ሲና)፦
ልጆች፣ እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። ደብረ ሲና ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ አቁሜ የፊልሙን ርዕስ በጠመኔ እጽፋለሁ። የካራቴ ፊልም ከሆነ ቤቱ ጢም ይላል። የጠፈር ፊልም ሲሆን ግን ሰው ሰሌዳውን አይቶ «ይኼ ደግሞ የምን ጉድ ነው?» ብሎ ያልፋል። ወራት እንደዚህ ሄደ። በኋላ እንግሊዝኛ ደህና የሚሰማ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ቀጠርኩ። ልጁ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ይተረጉማል። ከዚያ በፊት ግን በር ላይ ቆሞ ታሪኩን በአጭሩ ይነግራቸዋል። «ሰማይ ላይ ጠፍቶ የቀረ ልጁን የሚፈልግ አባት ነው» ይላቸዋል። በገበያ ቀን ከደጋ የወረዱ ገበሬዎች በርኖሳቸውን እንደደረቡ ገብተው እስከ መጨረሻው አዩ። አንዱ አባት ሲያለቅስ አይቻለሁ።

አንድ ጊዜ ግን ዋሸሁ። ሰው እንዲመጣልኝ ብዬ ፊልሙ ላይ የሌለ የካራቴ ተዋናይ ስም ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ቤቱ ሞላ። ግማሽ ላይ ማጉረምረም ጀመሩ። ብራቸውን መለስኩላቸው። ቢሆንም ለስንት ሳምንት ሰው ሰሌዳዬን አላምን አለ። እና ያቺ የቻይናዋ ተዋናይት ነገር ይኼንን አስታወሰኝ። በሰው ቋንቋ መንገር አንድ ነገር ነው። የሌለውን አለ ማለት ሌላ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ (ደብረ ብርሃን)፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። «አቫታር» ያደረገው የእርስዎን ተማሪ ሥራ ይመስላል። ፊልሙ ከመውጣቱ ከወራት በፊት፣ ነሐሴ 2009 በፈረንጅ፣ በብዙ አገር ያሉ ሲኒማ ቤቶች 16 ደቂቃውን በነጻ አሳዩ። እኛ ቤት አረቄ ሲሸጥ ቅምሻ እንደሚሰጠው ማለት ነው። ቀምሰህ ካልወደድከው ትሄዳለህ። ፊልሙ በጠቅላላው ካገኘው 2.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ ከ2 ቢሊዮን በላዩ ከሰሜን አሜሪካ ውጭ የተገኘ ነው።

ተቃራኒውን ደግሞ ስሙ። በ2016 «አራይቫል» የሚባለው ፊልም የሆንግ ኮንግን ከተማ የሚያሳይ ፖስተር አወጣ። ችግሩ ሥዕሉ ውስጥ የሌላ ከተማ፣ የሻንጋይ የቴሌቪዥን ማማ ገብቶበታል። የሆንግ ኮንግ ሰው በጣም ተቆጣ። ፖስተሩን አነሱት። የአንኮበርን ፎቶ ላሊበላ ብሎ እንደ መለጠፍ ነው። ሊያስደስቱት የፈለጉትን ሰው አገሩን እንኳ በቅጡ አላዩለትም።

ከአንኮበር፦
እስካሁን ስለ ቻይና ብቻ ነው የተወራው። እኛስ? «ብላክ ፓንተር» በ2018 ሲወጣ ኬንያ፣ ኪሱሙ ላይ ልዩ ዝግጅት ተደርጎ ታየ፤ ፊልሙ ላይ የምትተውነው የሉፒታ ኒዮንጎ ቤተሰብ አገር ስለሆነ። ክፍል ሁለቱ ደግሞ በ2022 ለአፍሪካ የተመረቀው ናይጄሪያ፣ ሌጎስ ላይ ነው። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ግን እነሱ ትልቅ ሲኒማና ገበያ አላቸው። እኛ ጋ ፊልሙ የሚደርሰው በፍላሽ ተጭኖ ወይም በቴሌግራም ነው። ማን ይቆጥረናል?

ከመሐል ሜዳ፦
እኔም የምለው ይኼንኑ ነው። ትኬት የማይቆርጥ ሕዝብ ማስታወቂያ አይሠራለትም። ሲኒማ ቤት ይከፈት፣ ይመጣሉ።

መምህርት፦
አልስማማም። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 በፈረንጅ የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር ስንት ሰው እንደተቃወመ ታስታውሳላችሁ። የአገር ውስጥ ሥራ ይገፋል የሚለው ስጋት እውነተኛ ነበር፤ እኔም ሰግቼ ነበር። ግን ጎረቤቶቼ ሥራ ጥለው ሲያዩ ነው ያየሁት። ተመልካቹ አለ። በቋንቋው ያናገረው ነው የጠፋው።

ጥያቄ አቅራቢ፦
በጋሼ ነገር ሐሳቤን በከፊል ቀይሬያለሁ። ፖስተር መቀየሩ ብቻውን አያስከፋኝም። ፊልሙ ውስጥ የሌለውን መለጠፍና ያለውን ሰው ማሳነስ ግን ያስከፋኛል። እና አንድ ነገር ላቅርብ። ከተማሪው ጋር ሆነን የአንድ ጠፈር ፊልም ማስታወቂያ በአማርኛ ድምፅ እንሥራ። ሁለት ደቂቃ ብቻ። ጋሼ በር ላይ የሚነገረውን ይጻፉልን።

የድሮ ቪዲዮ ቤት ባለቤት፦
እጽፋለሁ። የሌለ ስም ግን አታስገቡበት።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦
ድምፁን እኔ እቀዳለሁ። ስፔስሺፕን ግን ምን እንበለው? እንዳለ እንተወው?

ከአንኮበር፦
መንኮራኩር በሉት። እናቴ ከትንቢተ ሕዝቅኤል ታውቀዋለች።