ቬጋስ ነን፣ ሳራችን እየደረቀ የውሃ ቢሉ ግን እየጨመረ ነው፣ ምን ይሻላል?

የሶስት ልጆች እናት፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። ላስ ቬጋስ ነው የምንኖረው ቤቱን ስንገዛ ኖቬምበር ነበር ሳሩም ደህና ነበር፣ አሁን ጁላይ ላይ ግን ቦታ ቦታውን ቢጫ ሆነብኝ። ስፕሪንክለሩን በየቀኑ ማታ 15 ደቂቃ ነው የምለቀው ግማሹ ወደ አስፋልት ነው የሚወርደው ቢሉማ አይነሳ። ነቅለሽ ድንጋይ አድርጊበት የሚሉኝ አሉ ግን እማዬ ከአገር ቤት መጥታ ጠዋት ጠዋት ቁጭ የምትለው የጓሮው ሳር ላይ ነው፣ ልጆቹም እዛው ነው የሚጫወቱት። የሚያውቅ ካለ እባካችሁ

ሳር አጫጁ፦
እህቴ አይዞሽ ስራዬ ነው። ቢጫው ቦታ ቦታ ከሆነ ውሃ አንሶ ሳይሆን እኩል ስላልደረሰ ነው የሚመስለኝ። ባዶ የቱና ጣሳዎች ቢጫውም አረንጓዴውም ላይ አስቀምጪና ስፕሪንክለሩን ልቀቂው፣ ጣሳዎቹ እኩል ካልያዙ አንዱ የስፕሪንክለር ራስ ተጣሟል ወይ ተደፍኗል ማለት ነው። ብዙ ሰው ለዛች አንድ ቦታ ብሎ ለሁሉም ደቂቃ ይጨምራል፣ ውሃው የሚያልቀው እንደዛ ነው።

15 ደቂቃውንም ባንዴ አትልቀቂው። እዚህ አፈሩ ስር ካሊቺ የሚሉት እንደ ሲሚንቶ የደረቀ ነገር አለ ቶሎ አይጠጣም፣ አስፋልት ላይ መፍሰሱ ደግሞ ያስቀጣል። 4 ደቂቃ ለቀሽ አንድ ሰዓት ጠብቀሽ ሌላ 4 ከዛ ሌላ 4፣ ታይመሩ ላይ ሶስት ስታርት ታይም ሙዪና ጎህ ሳይቀድ ይለቅ። እሁድ ዓመቱን ሙሉ ክልክል ነው፣ ከሜይ 1 እስከ ኦገስት መጨረሻ ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ከ11 ኤኤም እስከ 7 ፒኤም አይቻልም። ሳርሽ ፌስኪው የሚባለው ዓይነት ከሆነ ከ3 እስከ 4 ኢንች አድርገሽ እጨጂው፣ ረዘም ሲል አፈሩን ያጠላለታል፣ የታጨደውንም እዛው ተይለት።

ነዋሪ፦
ሁሉም ትክክል ነው ግን አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ቤት ውስጥ የምንጠቀምበት ውሃ ተጣርቶ ውሃችን ወደሚመጣበት ሀይቅ ወደ ሌክ ሜድ ይመለሳል ሳር ላይ የፈሰሰው ግን በዛው ቀረ፣ ሀይቁ ዳር ውሃው ሲጎድል ዓለቱ ላይ የቀረውን ነጭ መስመር ያየ ሰው ይገባዋል። ስለዚህ የጓሮውን ያዢው፣ ማንም የማይረግጠውን የፊት ለፊቱን ግን ብታስነቅዪው የውሃ ባለስልጣኑ በስኩዌር ፊት ሂሳብ ይከፍልሻል። ግን ሳትነቅዪ በፊት አመልክቺ!! እኔ መጀመሪያ ነቅዬ ነው የሄድኩት አምስት ሳንቲም አላገኘሁም

የሶስት ልጆች እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም። ጣሳውን አሁን ሞከርኩት ቢጫው ጋ ያለው ምንም አልያዘም፣ ሄጄ ሳየው የስፕሪንክለሩ ራስ አፈር ውስጥ ሰምጦ ሳሩ ሸፍኖታል። ነገ ባለቤቴ ቆፍሮ ያወጣዋል፣ ለፊት ለፊቱ ደግሞ ሰኞ እደውላለሁ