ኖታ ማንበብን በጨዋታ እንዴት ላስተምር?

መምህርቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 3ኛ ክፍል ሙዚቃ አስተምራለሁ። ልጆቹ ከ50 በላይ ናቸው። ኪቦርድ የለንም፤ ያለኝ አንድ ክራርና ጠመኔ ነው። ስንዘፍን ጣሪያው ሊነሳ ይደርሳል፣ ኖታ የሚጻፍባቸውን አምስት መስመሮች ሰሌዳ ላይ ሳሰምር ግን ክፍሉ ጭጭ። አንድ ኖታ ሳሳያቸው ከታች ጀምረው «ሚ፣ ፋ፣ ሶል...» እያሉ በጣት ይቆጥራሉ። ይሄ ቆጠራ እንጂ ንባብ አይደለም። ደብተር ላይም ኖታውን እንደ ፊደል ከመስመሩ በላይ ያስቀምጡታል። መስመሩ በመሃሉ ያልፋል ብል ሰሚ የለም። ምን ጨዋታ ይሻላል?

ክራር መቺው፦
እህቴ፣ አምስቱን መስመር ለጊዜው እርሺው። ክራሩን ትዝታ ሜጀር በሚባለው ቅኝት ቃኚው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ጆሯቸው ያውቀዋል። እነዚህን በትሬብል ክሌፍ (በመስመሮቹ መነሻ ላይ በሚጻፈው ጥምዝ ምልክት) ለመጻፍ የታችኞቹ ሁለት መስመሮች ይበቃሉ፤ ለዶ ብቻ ከስር አጭር መስመር ትጨምሪያለሽ። ሁለቱን መስመር ሜዳው ላይ በጠመኔ አስምሪና እንደ ሰኞ ማክሰኞ ይዝለሉበት። አንቺ ትመቻለሽ፣ ልጁ ይዘላል። ሚ ወይም ሶል ከሆነ አንድ እግሩ ከመስመሩ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። ሬ ከታችኛው መስመር ስር፣ ላ ከላይኛው በላይ፣ እግር ገጥሞ። መስመር የረገጠ ይወጣል! መጀመሪያ ግን ሶልና ሚን ብቻ ምቺ፤ አምስቱን ባንዴ በጆሮ መለየት ለአዋቂም ይከብዳል።

ጡረተኛው መምህር፦
ሜዳው ጥሩ ነው፣ ግን 50 ልጅ ወረፋ ሲይዝ ድብድብ ይመጣል። ግማሹን ካርቶንና ቆርኪ ስጪው። በቡድን አንድ ካርቶን፣ ሁለት መስመር። አንዱ ቆርኪ ይደረድራል፣ ሌሎቹ ያዩትን ይዘምራሉ። ሳይዘመር ስሙን ብቻ መጥራት ሙዚቃ አይባልም። ለቆጠራው ደግሞ የትሬብል ክሌፉን ጥምዝ አሳያቸው፤ የሚዞረው ሁለተኛውን መስመር ነው፣ እሱም ሶል ነው። ከዚያ ተነስተው አንድ ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ታች ይሂዱ።

እንግዳ፦
ክራሩ ዝቅ ብሎ ቢቃኝስ? ዶው ከፒያኖው ዶ ጋር አይገጥምም እኮ።

ክራር መቺው፦
በድምፆቹ መሃል ያለው ርቀት ከተጠበቀ ለ3ኛ ክፍል ምንም አይደል። ፒያኖው ሲመጣ ያኔ እንጨነቃለን።

መምህርቷ፦
ቆርኪ ከየሱቁ ደጃፍ እናስለቅማለን። «ፋ» እና «ሲ»ን መቼ ላስገባ?

ክራር መቺው፦
ባቲ ሜጀር በሚባለው ሌላ ቅኝት ስትቃኚ። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። ፋ በሁለቱ መስመሮች መሃል ባዶ የቆየውን ቦታ ይይዛል። ለሲ ሦስተኛውን መስመር ጨምሪ።