ትክል ድንጋዩ የሰው ማሳ ውስጥ ነው፣ ገበሬውን እንዴት እናሳምነው?

የዲላው፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ጌዴኦ ዞን ነው የምኖረው። ጨልባ ቱቲቲና ቱቱ ፈላ የሚባሉት የትክል ድንጋይ ቦታዎች ይታወቃሉ፣ በተለይ የጌዴኦ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህ። እኛ ሰፈር ያሉት ግን እንሰትና ቡና መሃል ናቸው፣ ገሚሱ ወድቋል፣ አንዱማ አጥር ሆኗል። ወጣቶች ተሰባስበን ልንጠብቃቸው ብናስብ ገበሬው «ቅርስ ከተባለ መሬቴ ሄደ» ይለናል። ምን ይሻላል?

ሮሃ፦
ገበሬው እኮ ዝም ብሎ አልፈራም። እኛ ላሊበላ ቤተክርስቲያኖቹ ዙሪያ የነበረው ሰው ተነስቶ ሌላ ቦታ ነው የሰፈረው። ከቤተክርስቲያኖቹ በላይ የተተከለውን መጠለያ የተባለ ብረትም ሕዝቡ ሰልፍ ወጥቶ ይነሳልን ያለው ከተተከለ ከዓመታት በኋላ በ2011 ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማንም እንደማይነሳ በግልጽ ይነገረው፣ ያንን ማረጋገጥ ካልቻላችሁ ባትጀምሩት ይሻላል ባይ ነኝ።

ካራት፦
ኮንሶ የተመዘገበው በ2003 ነው ግን እርከኑንና የመንደሩን ካብ ሲጠግን የኖረው ራሱ ሕዝቡ ነው፣ በባህሉ ሕግ። ዋካዎቹ፣ ማለትም ለሟች የሚቀረጹት የእንጨት ሐውልቶች፣ ግን ከመቃብር ላይ እየተሰረቁ ተሸጡ፣ የተያዙት ሙዚየም ገቡ፣ ጥሩ ነው ግን ቤተሰቡ አጠገብ የሉም። እናንተ ሶንጎ፣ የሽማግሌዎች ሸንጎ፣ አላችሁ አይደል? ሽማግሌዎቹ ጉዳዩን እዛ ያንሱት፣ ድንጋይ የነካ በሴራው፣ በባህል ሕጋችሁ፣ ይጠየቅ። ከወረዳ ደብዳቤ በላይ ይሰማል።

ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ፦
አዋጅ 209/1992ን አንብቡት፣ ቅርስ በግለሰብ ባለቤትነትም ሊያዝ ይችላል ይላል። ሲቆፈር በአጋጣሚ የተገኘ ነገር ግን ወዲያው ሪፖርት መደረግ አለበት፣ ላስረከበ ሽልማትም አለው፣ ይሄን የሚያውቅ ገበሬ ግን አላየሁም 😅 ደሞ የወደቀውን በገመድ ጎትታችሁ እንዳታቆሙት! ያለ ፈቃድ አይቻልም፣ አርኪዮሎጂስት ሳያየውም ስሩ ያለው ነገር ይበላሻል። ፎቶ አንሱ፣ በስልካችሁ ጂፒኤሱን ያዙ፣ የማን ማሳ እንደሆነ ጻፉ፣ በቃ።

የዲላው፦
አመሰግናለሁ። ጉዳዩን ሶንጎ ላይ አባቴ ያነሳልኛል። ቱሪስት ቢመጣስ ብሩ ለማን ነው?

ካራት፦
እሱን አንድም ቱሪስት ሳይመጣ ተነጋገሩና ጻፉት። እንሰቱ የሚረገጥበት ሰውዬ ድርሻ ይኑረው፣ አስጎብኚውም የሰፈሩ ልጅ ይሁን፣ ከዲላ በመኪና የሚመጣ ሳይሆን።