ዲከረንሱ ደረቀብን፤ ገጠር ተቀምጬ ምን ልሥራ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የአዊ ልጅ ነኝ፤ ቤታችን ከአዲስ ቅዳም ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። 25 ዓመቴ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ ወደ ቤት ከተመለስኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ምክር ፈልጌ ነው የምጽፈው። ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

እኛ ጋ ሥራ ማለት ዲከረንስ ነበር። ለማታውቁት፣ ከሰል የሚሆን ዛፍ ነው። መሬታችን አሲዳማ ስለሆነ ገብስና ስንዴው እንደ ድካሙ አይሰጥም። ዲከረንስ ግን ይስማማዋል። ክረምት ላይ ይተከላል። በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣሩ ለከብት ይታጨዳል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ይከሰላል። ከሰሉ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። አንድ ማሳ ስንት ሰው ነበር የሚያበላው! ችግኝ የሚያፈላው፣ ቆራጩ፣ አክሳዩ፣ ከሰሉን በማዳበሪያ ከረጢት የሚሞላው፣ ጫኙ፣ ደላላው። እኔም ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር ከእናቴ ጋር ችግኝ እንከባከብ ነበር። አንዷ ችግኝ በሳንቲም ነበር የምትሸጠው፤ በሺዎች ሲሸጥ ግን ገንዘብ ነበር። የትራንስፖርቴም የደብተሬም ወጪ ከዚያ ነው የወጣው።

አባቴ ሲያከስል አብሬው አድሬ አውቃለሁ። ክምሩ በሣርና በአፈር ከተሸፈነ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ይጠበቃል። የሆነ ቦታ ከተቀደደና አየር ከገባ የአምስት ዓመት ልፋት በአንድ ሌሊት አመድ ነው። ጭሱ መጀመሪያ ነጭ ነው፤ ሲደርስ ይሳሳና ሰማያዊ ይመስላል። አባቴ ጭሱን አይቶ «ደርሷል» ሲል ፊቱ ላይ የማየው ደስታ አሁንም ትዝ ይለኛል።

ከዚያ በሽታው መጣ። ቅጠሉ ቡናማ ሆነ። በእጄ ስነካው ዝገት የመሰለ ነገር ጣቴ ላይ ቀረ። ከጎረቤት ማሳ ወደ እኛ ለመድረስ ጊዜ አልወሰደበትም። ዘንድሮ እናቴ ያፈላቻቸውን ችግኞች የሚገዛ ጠፍቶ መደቡ ላይ ደርቀው ቀሩ።

ሥራ አጥ ብዬ ልመዝገብ ብዬ ሄድኩ። የተቀበለኝ ሰው «አባትሽ መሬት አለው?» አለኝ። አዎ አልኩ። «እንግዲያማ ሥራ አለሽ» ብሎ መለሰኝ። መሬቱ አራት ጥማድ ነው፤ እኛ ልጆቹ ደግሞ አምስት ነን። ማረም፣ ማጨድ፣ ከብት ማሰማራት፣ ሁሉንም እሠራለሁ። ሥራ ፈትቼ አላውቅም። ግን ለሳሙና እንኳ እጄን ዘርግቼ ነው የምቀበለው።

አሁን አባቴ ዲከረንሱ የደረቀበትን አንድ ጥማድ «ውሰጂና እንደፈለግሽ አድርጊው» ብሎኛል። ታናሽ ወንድሜ መተማ ለሰሊጥ ልሂድ እያለ ነው። እኔን ደግሞ አክስቴ አዲስ አበባ ነይ ትለኛለች። ምን ይሻለኛል? መሬቱን ልውሰድ? ብወስደውስ ምን ልትከልበት?

መልስ 1 (ከመራዊ)

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። እኔም ከሰል ስጭን ነው የኖርኩት። አይሱዙ ላይ ወጥቼ የከሰል ከረጢት ስደረድር ስንት ዓመቴ! ሥራው ሲቀዘቅዝ ወደ ኮጋ ዞርኩ። እዚህ መስኖ አለ፤ ግድቡ 7 ሺህ ሄክታር አካባቢ እንዲያጠጣ ነው የተሠራው። በበጋ ስንዴ አለ፣ ድንች አለ፣ ሽንኩርት አለ። የቀን ሥራ ይገኛል። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ውሃው ሲለቀቅና ምርቱ ሲደርስ ሰው ይፈለጋል፤ በመካከል ያለውን ጊዜ ቁጭ ነው። ጠዋት መንገድ ዳር ትቆሚያለሽ፣ ባለማሳው መጥቶ ይመርጣል፣ ያልተመረጠ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሴቶቹን ደግሞ ለአረምና ለለቀማ ብቻ ነው የሚጠሯቸው፤ የሚከፈላቸውም ያንሳል። ይሄ ሁሌም ያናድደኛል።

መሬት የሚሰጥሽ አባት ካለሽ ውሰጂ። ብዙዎቻችን ያጣነው እሱን ነው። በ1989 የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ እኔ ሕፃን ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ለእኛ ዕድሜ የተረፈ መሬት የለም።

መልስ 2 (የግብርና ባለሙያ)

ሰላም እህቴ። መጀመሪያ ስለ ምዝገባው። የተነገረሽ ነገር ያሳዝናል፤ ግን ከአቆጣጠሩ ጋርም ይያያዛል። በሥራ አጥነት መለኪያው ባለፈው ሳምንት ለገቢ አንድ ሰዓት እንኳ የሠራ ሰው ሥራ አጥ አይባልም። ለገበያ በሚያመርት የቤተሰብ እርሻ ላይ ያለ ደሞዝ የዋለም እንደ ሠራተኛ ነው የሚቆጠረው። በ2013 የተደረገው የሥራ ኃይል ጥናት የአገሪቱን ሥራ አጥነት 8 በመቶ፣ የከተማውን 18.7 በመቶ ብሎ ያስቀመጠው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ገጠር ያለው ችግር የሥራ መጥፋት ብቻ አይደለም፤ ሥራው ኖሮ ገንዘብ አለማምጣቱ ነው። አንቺ በአንድ መስመር ጽፈሽዋል።

ስለ መሬቱ፦ እዚያው ማሳ ላይ ዲከረንስ አትመልሺ፤ በሽታው በአካባቢው እያለ ችግኙን መልሶ ይይዘዋል። ድንች ግን አሲዳማ መሬትን ከብዙ ሰብል በተሻለ ይችላል፤ አዊም የድንች አገር ነው። እኔ የምመክርሽ ለምግብ ሳይሆን ለዘር እንድታመርቺ ነው። በለጠ ወይም ጉደኔ የሚባሉት ዝርያዎች ይፈለጋሉ። የዘር ድንች በጨለማ አይቀመጥም። ጎኑ ክፍት የሆነ፣ ብርሃን የሚገባው የእንጨት መደርደሪያ ያስፈልገዋል። ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ሆኖ የሚወጣው ያኔ ነው። ክረምት ላይ ቅጠሉን የሚያጠቁረውን በሽታ በየቀኑ እየዞርሽ እዪ። አንድ ቀን ካለፈሽ ማሳው ሊያልቅ ይችላል።

ለአሲዳማነቱ ኖራ መጨመርም ይረዳል፤ ግን ለአንድ ጥማድም ቢሆን ኩንታሎች ነው የሚፈልገው፣ ማጓጓዣው ደግሞ ውድ ነው። መጀመሪያ አፈርሽን አስመርምሪ።

መልስ 3 (መተማ የኖረ)

እኔ ስለ ወንድምሽ ነው የምጽፈው። ሦስት ወቅት ሰሊጥ አጭጃለሁ። እዚያ እንደኛ ለወቅት ሥራ የሚመጣውን ሳሉግ ይሉታል። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ በሰዓቱ ካልታጨደ ፍሬው ይራገፋል። ስለዚህ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሰው በጣም ይፈለጋል፤ ገንዘቡም ይገኛል። እውነት ነው፣ እኔ በሁለት ወር የያዝኩትን አገር ቤት በዓመት አልይዘውም ነበር።

ግን ገንዘቡን ይዞ የተመለሰውን ብቻ አትዩ። አንድ አብሮኝ የሄደ ልጅ ከተመለሰ ከወራት በኋላ ሆዱ እያበጠ፣ ትኩሳቱ አልለቀው ብሎ ከሳ። ካላዛር ነበር። የምታስተላልፈው ዝንብ በጣም ትንሽ ናት፤ የተሰነጠቀ ጥቁር አፈርና የግራር ሥር ትወዳለች። ቀን ደክሞህ ጥላ ሥር ጋደም ስትል ምንም አታስብም። ወንድምሽ የሚሄድ ከሆነ አጎበር ይያዝ፣ ግራር ሥር ሜዳ ላይ አይተኛ። ሂሳቡን ከሥራው በፊት በምስክር ይነጋገር። ከመነሳቱም በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከዚያ ከመጣ ሰው ይጠይቅ። ትኩሳት ይዞት ከተመለሰ ደግሞ «ወባ ነው» ብላችሁ እንዳትተዉት፤ መተማ እንደነበረ ለሐኪሙ ንገሩ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የካላዛሩን ለወንድሜ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። እናቴ ሰምታ አለቀሰች። መሄዱን አልተወም፤ አጎበሩን ግን ዛሬውኑ አውጥታ ቀዳዳውን እየሰፋች ነው።

መሬቱን እወስዳለሁ። አዲስ አበባ መሄድ ያላማረኝ አክስቴ ስለማትወደኝ አይደለም። እሷ ራሷ ሁለት ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው፤ እኔም እዚያ ሄጄ የምጠብቀው ያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ሙሉ ጥማዱን ግን በአንዴ በድንች አልሸፍነውም፤ ለዘሩ የሚበቃ ብር የለኝም። ግማሹን ብቻ እሞክራለሁ። ችግኝ ያፈላንበት መደብ አጠገብ አሮጌ የከብት በረት አለ። ግድግዳው ፈርሷል፣ ጣራው ግን ደህና ነው። ለማከማቻ ይሆናል?

ወጪና ገቢውን በደብተር መያዝ ጀምሬያለሁ። ሦስት የሰፈር ልጆች አይተው «ለእኛም ያዢልን» ብለውኛል። አራት ሆነን ዘሩን አንድ ላይ ብንገዛ የመኪናው ዋጋ ይቀንስልናል።

መልስ 2 (የግብርና ባለሙያ)

ጣራው የማያፈስ ከሆነ በረቱ ይሆናል። የፈረሰውን ግድግዳ አትጠግኚው፤ ብርሃኑና ነፋሱ በዚያ ይግባ። እበቱን ግን ጠርገሽ አውጪ፣ መሬቱን አድርቂው። መደርደሪያውን ከመሬት ከፍ አድርጊ፤ ድንቹን ሁለት ወይም ሦስት ድርብ ብቻ ደርድሪ። የደረቁት ዲከረንሶች ውስጥ ቀጥ ያሉ ግንዶች አይጠፉም፤ ለመደርደሪያው ቋሚ ይሆኑሻል። ዘሩን ከገበያ ለምግብ ከሚሸጠው አትግዙ፤ በሽታ ይዞ ይመጣል። አራታችሁም የምትፈልጉትን ኩንታል ጻፉና ላኪልኝ፤ ዘር የሚያመርቱ ማኅበራት ዘንድ ጠይቄ እነግርሻለሁ።