«ሰርክል» ክብ ማለት ብቻ ነውን? በአንድ አሮጌ የቁማር ቤት ሰሌዳ ላይ ስላሉ ቃላት

ጥያቄ፦ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ በተጓዝኩበት ጊዜ፣ በኒስ ከተማ ኩር ሳሌያ በተባለው ሥፍራ ሰኞ ሰኞ ከሚቆመው የአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ የካዚኖ ሰሌዳ፣ ማለትም በቁማር ጊዜ በገንዘብ ፈንታ የሚያገለግል ጠፍጣፋ ዕቃ፣ ገዝቻለሁ። ቅርጹ አራት ማዕዘን ነው፤ ገጹም እንደ ዛጎል ውስጥ ያብረቀርቃል። በመካከሉ «ሰርክል» የሚል ቃል፣ ከሥሩ «100 ኤን.ኤፍ.»፣ ከታች ደግሞ ተራ ቁጥር ይነበባል፤ ከ«ሰርክል» ቀጥሎ የነበረው ጽሑፍ ግን ተፍቋል። መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ «ሰርክል» ማለት ክብ ነው ይለኛል፤ በእጄ ያለው ዕቃ ደግሞ ክብ አይደለም። ሻጩ «ፕላክ» ሲለው፣ አብሮኝ የነበረው ሰው «ጄቶን» ብሎታል። ቃላቱን ብታብራሩልኝ፣ ዕቃው የየት አገርና የየትኛው ዘመን እንደሆነም ብታመላክቱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ መዝገበ ቃላቱ የነገረዎት እውነት ነው፤ ነገር ግን የቃሉን የመጀመሪያ ፍቺ ብቻ ነው የሰጠዎት። እኛ ከአንድ ሥር «ክብ»ንም «ክበብ»ንም አግኝተን የሥነ ጽሑፍ ክበብ፣ የተማሪዎች ክበብ እንደምንል ሁሉ፣ ፈረንሳዮችም አባላት የሚሰባሰቡበትን ማኅበር «ሰርክል» ይሉታል። ስለዚህ ቃሉ የሚናገረው ስለ ሰሌዳው ቅርጽ ሳይሆን ስለ አውጪው ቤት ነው።

በካዚኖና በሰርክል መካከል ያለው ልዩነት በፈረንሳይ የሕግ ልዩነትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 የወጣው ሕግ ካዚኖ እንዲከፈት የፈቀደው በባሕር ዳርቻ፣ በፍል ውኃና ለጤና ተስማሚ አየር ባላቸው የመዝናኛ ከተሞች ነው፤ በ1920 ደግሞ ከፓሪስ በ100 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ካዚኖ ተከለከለ፤ በኋላ ከዚህ ክልከላ ነፃ የሆነችው የፍል ውኃ ከተማዋ አንጊየን ሌ ባን ነበረች። በዚህ ምክንያት የዋና ከተማዋ ቁማርተኞች ይጫወቱ የነበረው በማኅበር ስም በተቋቋሙ ሰርክሎች ነው። ይህን ብቻ ብናይ ሰሌዳዎን ወደ ፓሪስ መስጠት ይቀናን ነበር። ሆኖም ከኒስ ብዙ የማትርቀው የሞናኮ ካዚኖ ባለቤት የሆነውና በ1863 የተመሠረተው ኩባንያ ሙሉ ስሙ «የባሕር መታጠቢያዎችና የባዕዳን ክበብ ማኅበር» የሚል መሆኑን አንርሳ፤ በፈረንሳይኛው «ሰርክል ዴዜትራንዤ» የሚለው ሐረግ ይገኝበታል። እዚህ ላይ «የባዕዳን» የተባለውም ለጌጥ አይደለም፤ የሞናኮ ዜጎች በገዛ አገራቸው የቁማር አዳራሽ እንዳይጫወቱ ሕግ ይከለክላቸዋል። እንግዲህ ከ«ሰርክል» በኋላ የተፋቀው ቃል ምን እንደነበር ማወቅ ከሁሉ የሚቀድም ሥራ ነው።

ዘመኑን የሚነግረን «ኤን.ኤፍ.» ነው። ይህ «ኑቮ ፍራን»፣ ማለትም «አዲስ ፍራንክ» የሚለው አጽሕሮተ ቃል ነው። ፈረንሳይ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1960 ጀምሮ መቶውን አሮጌ ፍራንክ በአንድ አዲስ ፍራንክ ተክታለች፤ ሕዝቡ ሁለቱን እንዳያምታታ በገንዘብ ኖቶቹ ላይ «አዲስ» የሚለው ቃል ይጻፍ ነበር፤ ከ1963 ወዲህ ግን «ፍራንክ» ብቻ ተባለ። «100 ፍራንክ» ብቻ ቢል ኖሮ ቤልጅየምንም ስዊዘርላንድንም መጠርጠር በተገባን ነበር፤ «ኤን.ኤፍ.» ግን ከእነርሱ አውጥቶ ወደ ፈረንሳይና በፍራንኳ ትጠቀም ወደነበረችው ሞናኮ ያጠብበዋል። ስለዚህ ሰሌዳው የ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ሥራ ነው ብል ድፍረት አይመስለኝም። 100 አዲስ ፍራንክ 10,000 አሮጌ ፍራንክ ነውና ተራ ቁጥር የተጻፈበትም ስለዚህ ይመስለኛል፤ ከፍ ያለ ዋጋ ያላቸው ሰሌዳዎች በቁጥር ይመዘገቡ ነበር።

ሻጩና ጓደኛዎ ሁለቱም ትክክል ናቸው። «ፕላክ» ጠፍጣፋ ሰሌዳ ማለት ሲሆን በካዚኖ ውስጥ ለአራት ማዕዘኑ ይነገራል፤ «ጄቶን» በተለይ የክቡ፣ በሰፊው ደግሞ የሁሉም መጠሪያ ነው። «ጄቶን» ከቁማር ጋር የተገናኘው ዘግይቶ ነው። ቃሉ «ዤቴ»፣ ማለትም «መጣል» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን የሒሳብ ሠራተኞች በመቁጠሪያ ገበታ ላይ እየጣሉ የሚደምሩበትና የሚቀንሱበት የብረት ቅርጽ ነበር። ሳንቲም መስሎ ሳንቲም ስላልሆነ ፈረንሳዮች ግብዙን ሰው እስከ ዛሬ «ፎ ጄቶን»፣ ሐሰተኛ ጄቶን ይሉታል። ለስብሰባ ተሳታፊ የሚከፈለውን፣ እኛ «የስብሰባ አበል» የምንለውን ደግሞ «ጄቶን ደ ፕሬዛንስ» ብለውታል፤ በሉዊ 14ኛ ዘመን የፈረንሳይ አካዳሚ አባላት በጉባኤ ለመገኘታቸው የብር ጄቶን ይቀበሉ ነበርና። ጣልያኖች ቃሉን ወስደው «ጄቶኔ» አሉት፤ በየሰፈሩ ልጆች የሚጫወቱት የእኛ «ጆተኒም» ስሙን ያገኘው፣ ኳሱን ለማስለቀቅ ከሚጨመረው ከዚሁ ጄቶኔ እንደሆነ አምናለሁ። ቃሉ በሌላ በር ገብቶ አገራችን ከርሞ ኖሯል!

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ከምን እንደተሠራስ እንዴት ይታወቃል? ዛሬ በገንዘብ ሊመነዘር ይችላልን?

መልስ፦ ከጋላሊት ወይም ከሴሉሎስ ዘር ከሆነ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። ጋላሊት ከወተት ፕሮቲን ከካዚንና ከፎርማሊን የሚሠራ ነው፤ ስሙም በግሪክኛ «የወተት ድንጋይ» ማለት ነው። («ካዚን» ከላቲኑ የአይብ ስም፣ «ካዚኖ» ግን ቤት ከሚለው የጣልያንኛ «ካዛ» የመጡ ስለሆኑ ዝምድና የላቸውም።) በአውራ ጣትዎ እስኪሞቅ አሽተው ያሽትቱት፤ የካምፎር (የካፉር) ሽታ ከሰጠ ሴሉሎይድ፣ ማለትም ከሴሉሎስ የተሠራው ፕላስቲክ ነው። በጋለ መርፌ መፈተን የሚመክሩ ሰዎች አሉ፤ ሴሉሎይድ በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ አጥብቄ እቃወማለሁ። ውኃ ውስጥ መንከርም ጋላሊትን ያሳብጠዋል።

ስለ መመንዘሩ፣ ሰሌዳው የመንግሥት ገንዘብ ሳይሆን ያወጣው ቤት ብቻ የሚያከብረው የክፍያ ቃል ነው። ራሱ የፍራንክ ኖት እንኳ ከፌብሩዋሪ 17 ቀን 2012 በኋላ በፈረንሳይ ባንክ መለወጡ ቀርቷል። አሁን ዋጋውን የሚወስኑት ሰብሳቢዎች ናቸው፤ እነርሱም በመጀመሪያ የሚጠይቁት የቤቱን ስም ነው። ስለዚህ የተፋቀውን ቦታ አይወልውሉት፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ ከጎን አዝምመው ያብሩበትና በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። ቀለሙ ቢጠፋም የፊደሉ ጉድጓድ ጥላ ይጥላል፤ «ሰርክል ዴ» የሚል ከተነበበ ሞናኮ ትቅደም፣ ሌላ ስም ከሆነ ፊደሎቹን እንዳሉ ገልብጠው ይላኩልን።