የመቋሚያ ዘንግ ያለ ቶርኖ እንዴት ይድቦልቦላል?

ጥያቄ — ወይራ
ሰላም ወገኖች። ለአባቴ መቋሚያ ልሠራለት ብዬ ደረቅ የወይራ እንጨት አገኘሁ። አራት ማዕዘን ነው፤ ውፍረቱ 3.5 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ30። ቶርኖ (እንጨት እያሽከረከረ የሚያድቦለቡል ማሽን) የለኝም፤ መላጊያና ሞረድ ግን አሉኝ። መጀመሪያ በሌላ ቁራጭ ሞከርኩት፤ ማዕዘኑን በዓይኔ እየገመትኩ ስልገው አንዱ ጎን ጠፍጣፋ ሆነ፣ ሌላው ጎበጠ፣ እጅ ውስጥ ሲዞር ይጎረብጣል። ወይራውን እንዳላበላሽ ፈርቻለሁ።

መሮ
በቶርኖ አትዘን። እንዲህ ያለ ረጅምና ቀጭን ዘንግ እዚያም ላይ መሃሉ እየተርገበገበ ያስቸግራል። የጎዳህ ግምት ነው። መጀመሪያ ስምንት ጎን አድርገው። በአራቱም ጎን ላይ፣ ከጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ገባ ብለህ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስመር አስምር። ለሌላ ውፍረትም ጎኑን 24 ቦታ ከፍለህ 7፣ 10፣ 7 ብትል ይሠራል። ከዚያ ማዕዘኑን መስመሮቹ ጋ እስክትደርስ ላግ፤ መስመሩን ግን አትብላው። ስምንቱ ጎን እኩል ሲሆን ስምንቱን ጠርዝ ሳሳ አድርገህ ብትልግ 16 ጎን ይወጣል፤ እዚህ ጋ መላጊያውን ስንት ጊዜ እንዳስኬድክ ቁጠር፣ አንዱን ሦስቴ ካልክ ሁሉንም ሦስቴ።

ዋንዛ
ትክክል ነው፣ ግን አያያዙን አትርሳ፤ ድቡልቡል ነገር ጠረጴዛ ላይ ይንከባለላል። የሁለት ጣውላ ጠርዝ በሰያፍ ላግና ግጠማቸው፣ ዘንጉ የሚተኛበት ቦይ ይሆንልሃል። ጫፉ ላይ ማቆሚያ ቁራጭ ምታበት፣ ዘንጉ እንዳይሸሽ።
16 ጎን ከሆነ በኋላ እኔ የጠርሙስ ስባሪ ነው የምጠቀመው። ጓንት አድርግ፤ ስባሪውን ዘንበል አድርገህ ስትስበው እንደ ፀጉር የቀጠነ ፍቅፋቂ ይወጣል። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት በረጅሙ ቀደህ ዘንጉን አስታቅፈውና ሊስትሮ ጫማ እንደሚወለውለው ወዲህ ወዲያ ሳበው። ቀሪ ጉብታ ካለ ዓይንህን ጨፍነህ በመዳፍህ ዳብሰው፤ ዓይን ያላየውን እጅ ያገኘዋል።

ወይራ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! 1 ሳንቲሙ ከሁለቱም ጠርዝ ነው አይደል? መጨረሻ ላይስ ምን ልቀባው?

መሮ
አዎ፣ ከሁለቱም፤ በጠቅላላው 8 መስመር። የተልባ ዘይት በስሱ ቀባው፣ እስኪደርቅ ቀናት ጠብቀህ ድገመው። ዘይት የነካውን ጨርቅ ግን ጠቅልለህ እንዳትጥል፣ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ውጭ ዘርግተህ አድርቀው።