አማካሪ ቦርድ «ቦርድ» ሊባል ይገባዋል?

ጠያቂው፦ የምሠራበት የበጎ አድራጎት ድርጅት መሥራች አንጋፋ ባለሙያዎችን ሰብስባ አማካሪ ቦርድ ልታቋቁም ነው። የሥራ አመራር ቦርድ አለን፤ ግን በዓመት አንዴ ቢሰበሰብ ነው። እኔ ሁለተኛው ቦርድ አያስፈልግም ባይ ነኝ። እናንተስ?

የሒሳብ ባለሙያዋ፦ ካንተ ጋር ነኝ። የሥራ አመራር ቦርድ በጀት ያጸድቃል፣ ሥራ አስኪያጁን ይቀጥራል፣ ሲያጠፋም ያነሳዋል። ገንዘብ ቢጎድል «የት ነበራችሁ?» የሚባለው እሱ ነው። አማካሪው ይህ ሁሉ የለበትም። ለጋሹ ግን «ቦርድ» ከሚለው ሥር ትልልቅ ስሞች ሲያይ፣ ገንዘቡን የሚቆጣጠሩት እነሱ ይመስሉታል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

በአማካሪነት ያገለገለው፦ እህቴ፣ ሥልጣን ስለሌለው ጥቅም የለውም አይባልም። አንድ ሐኪም ስለ መድኃኒት አያያዝ በደስታ ይመክርሻል። በጀት አጽድቅ፣ ተጠያቂም ሁን ካልሽው ግን ይሸሻል። እንዲህ ያለውን ሰው በምን ታመጪዋለሽ?

የሒሳብ ባለሙያዋ፦ ይምጣ። ግን ማን ይሰማዋል? ጉግል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ሥነ ምግባር ላይ የሚመክር የውጭ ምክር ቤት አቋቁሞ ነበር። በአንዲት አባል ምክንያት ከሠራተኞቹ ተቃውሞ ሲነሳ፣ አሥር ቀን እንኳ ሳይሞላው ራሱ በተነው። አባላቱ «አንበተንም» የሚሉበት መብት አልነበራቸውም።

ጠበቃው፦ ሥልጣን ያለውም ቢሆን ብቻውን አይበቃውም። ቻትጂፒቲን የሠራው የኦፕንኤአይ ቦርድ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 የድርጅቱን ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሳም አልትማንን ከኃላፊነት አነሳ። መብቱ ነበር። ከዚያ አብዛኛው ሠራተኛ «እንለቃለን» ብሎ ፈረመ፤ ሰውየውም በቀናት ውስጥ ተመለሰ። ካነሱት የቦርድ አባላት ውስጥ አብዛኞቹ ወጡ።

አማካሪም ቢሆን «እኔ መከርኩ እንጂ አልወሰንኩም» ብሎ ሁልጊዜ አያመልጥም። በእንግሊዝ የ2006 የኩባንያዎች ሕግ፣ ዳይሬክተሮቹ፣ ማለትም የቦርድ አባላቱ፣ እንደ ልማድ ትእዛዙን የሚፈጽሙለት ሰው፣ ስሙ መዝገብ ላይ ባይኖርም እንደ ስውር ዳይሬክተር ይቆጠራል። ሙያዊ ምክር መስጠት ብቻውን ግን እዚያ ውስጥ አያስገባውም። ስለዚህ አማካሪዎቹ የቦርዱን አባላት ማዘዝ ከጀመሩ አደጋው ለራሳቸውም ነው።

ጠያቂው፦ ታዲያ ለመሥራቿ ምን ልበላት?

ጠበቃው፦ የአማካሪዎቹ ድርሻ በጽሑፍ ይቀመጥ። ለማን ነው የሚመክሩት? ለስንት ዓመት? ምክራቸውን ያልተቀበለ አካል ምክንያቱን በቃለ ጉባኤ ያስፍር። ይቺን ነጥብ አጥብቀህ ያዛት፤ ያለ እሷ ምክሩ ተሰምቶ የሚቀር ነው።

የሒሳብ ባለሙያዋ፦ በዚህ እስማማለሁ። «ቦርድ» የሚለው ስም ግን ይቅር፤ «የአማካሪዎች ቡድን» ይበቃል። ደግሞም የሥራ አመራር ቦርዱ መጀመሪያ በየሦስት ወሩ ተሰብስቦ የሒሳብ ሪፖርት ማየት ይልመድ። እሱ ተኝቶ ሌላ ማቋቋምን አልደግፍም።

በአማካሪነት ያገለገለው፦ ስሙን ልተውልሽ። መጠበቁን ግን አልቀበልም። የተኛ ቦርድ እስኪነቃ ባለሙያዎቹ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። ሁለቱም ጎን ለጎን ይጀመሩ።